ኳስ የማይደርሰው ተቀባይ

ሲዋርድ፣ ሚኒያፖሊስ
መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት የታላቅ ወንድሜ ባለቤት ለወይዘሮ እህተማርያም፤

አዲሱ ዘመን ደጅዎን በምሕረት ያንኳኳ፤ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለዓይንዎ ብርሃን ይጨምር፤ ወንድሜ ቀጀላ በጉለሌው ግቢ ተክሎት ያለፈውን የኮክ ዛፍ ፍሬ በገዛ እጅዎ ለመቅጠፍ ያብቃዎ እያልሁ፣ እኔ በዚህ በሰሜኑ አገር፣ ከወንዙ ብዙም በማትርቀው ጠባብ ቤቴ፣ ለእርጅና ከተፈቀደው ጤና ሳልጎድል እንዳለሁ በትሕትና አስታውቃለሁ። ስልክ ከጆሮዎ ጋር ከተጣላ ወዲህ ወደ ብዕር መመለሳችንን እንደ ጸጋ እቆጥረዋለሁ፤ የልጅ ልጅዎ ሜቲ የጻፍሁትን በስልኳ ፎቶ አንስታ ስትልክልዎ «አባባ፣ ታይፕ ብታደርገው እኮ ይቀልሃል» ማለቷን ባታቆምም።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለ ወንድሟ ስለ አቤኔዘር ነው። እስከ አስራ አንድ ዓመቱ በጉያዎ ያሳደጉት፣ አባቱ ሙሊሳ ወደዚህ ካመጣው በኋላም ከማንም ቃል ይልቅ የእርስዎን የሚሰማ ልጅ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከእርስዎ ሳይደርስ ሊቆረጥ አይገባም ብዬ አምኛለሁ።

እንደሚያውቁት ልጁ በሴንት ፖል በሚማርበት ኮሌጅ የአሜሪካን እግር ኳስ ይጫወታል። ስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ በእግር የሚነካው እንደ ዓመት በዓል አልፎ አልፎ ነው፤ ኳሱም እንደ ሎሚ ጫፍና ጫፉ የሾለ ሲሆን፣ አንድ ወርዋሪ ከኋላ ቆሞ ይወረውረዋል፣ ተቀባይ የሚባሉት ደግሞ ከተከላካዮች አምልጠው እየሮጡ ይቀልቡታል። አቤኔዘር ተቀባይ ነው። ነገር ግን ኳስ አይደርሰውም። በአንድ ጨዋታ አንዴ ወይም ሁለቴ ቢቀልብ ነው፤ ጭብጨባው ሁሉ ባለ አንድ ቁጥር ማልያ ለሚለብሰው ለሌላው ተቀባይ ይሄዳል። ሌክ ስትሪት ላይ ከጨዋታ መልስ በምንቀመጥባት ሻይ ቤት የታክሲ ሹፌሩ ጅሬኛ ይህን ይዞ መላወሻ አሳጥቶኛል። «ጋሽ ኤጀታ» ይለኛል፣ «ይሄ ልጅ እኮ ሰርግ ቤት ገብቶ ጾሙን የሚወጣ ሰው ነው።»

አሁን በሌላ ስቴት ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ «ወደ እኛ ብትመጣ ኳሱን ላንተ እንወረውራለን» ብሎ ልጁን ጠርቶታል፤ መልሱንም የዘንድሮው ውድድር ሲያበቃ ይጠብቃል። ሙሊሳ ይሂድ ባይ ነው። እኔ ግን በዚህ ቡድን ውስጥ ከአቤኔዘር የሚበልጥ ዋጋ ያለው ተጫዋች እንደሌለ፣ ይህንንም ከእኔ በቀር የሚያየው እንደጠፋ በሙሉ ልብ እከራከራለሁ። ልጁ ራሱ አንዱንም አልተናገረም። ስለዚህ «ባለህበት ጽና» የምትል አንዲት ቃል ከእርስዎ ትሄድለት ዘንድ እለምናለሁ።

ታናሽዎ
ኤጀታ ዋቁማ


ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤጀታ፤

ጤና፣ ሰላምና ማስተዋል ይብዛልህ፤ ሦስተኛውን ሆን ብዬ ጨምሬዋለሁ። ኮኩ ዘንድሮ በረዶ መትቶት ፍሬው ጥቂት ነው፤ የቀረውን የጎረቤት ልጆች ከእኔ ቀድመው ቀጥፈውታል። ጉልበቴ እንዳለ አለ።

የጻፍኸውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሥራው መቀበል የሆነ ሰው ካልተቀበለ፣ ሥራውን አልሠራም ወይም አላሠሩትም፤ ሦስተኛ መንገድ አላየሁም። በርዕሰ መምህርትነቴ ዘመን ዓመቱን ሙሉ አንድ ክፍል ሳልሰጠው የቆየ መምህር ቢኖረኝ፣ ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ ለሌላ ትምህርት ቤት ብለቀው እርሱም ይመርቀኝ ነበር። አንተ ዋጋው ትልቅ ነው ትላለህ። ያ ዋጋ ያለው ማን ዘንድ ነው? አሠልጣኙ ምን ብሎ ያውቃል? አንድ ሽማግሌ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስላደነቀው ልጄ የሚጠራውን ትቶ የማይጠራው ዘንድ አይቀመጥም።

ይህን ስል ግን ሳላይ መፍረድ ልማዴ አይደለም። ሜቲ የጨዋታውን ቪዲዮ ትላክልኝ። አንተም ይህ «ዋጋ» የምትለው ነገር ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ግለጽልኝ፤ በቅኔ ሳይሆን ለማያውቅ ሰው እንደሚገለጽ አድርገህ።

ደግሞም አንድ ነገር። ሙሊሳ ይሂድ ባይ ነው ብለህ አለፍኸው። ለምን ይሂድ እንዳለ አልጻፍህም።

እህተማርያም


ሲዋርድ
ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለወይዘሮ እህተማርያም፤

ከተግሣጽ ጋር የሚመጣ ሰላምታ ከባዶ ውዳሴ ይልቅ ለአጥንት ይጠቅማልና፣ የላኩልኝን ሁሉ፣ ሦስተኛውንም ጭምር፣ በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። በረዶ የመታው ኮክ ለከርሞ ቅርንጫፉን አብዝቶ ይክስዎ።

እንግዲህ እንዳዘዙኝ ቅኔውን ትቼ ላስረዳ። ጨዋታው ሲጀመር አቤኔዘር ከመስመሩ ተነስቶ ሜዳውን ሰንጥቆ ወደ ሩቁ ዳር ይሮጣል። ፍጥነቱን ስለሚፈሩ ሁለት ተከላካዮች ጥለውት አይቀሩም፤ ይከተሉታል። ያን ጊዜ እነርሱ ለቀውት በሄዱት ባዶ ስፍራ ባለ አንድ ቁጥሩ ገብቶ፣ እንደ ባለ ርስት ተዝናንቶ፣ ኳሱን ይቀልባል፤ ሕዝቡም ለእርሱ ይነሳል። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ ጓደኛው ኳሱን በብብቱ ይዞ ሲሮጥ፣ ሊጥለው የሚመጣውን ተከላካይ አቤኔዘር በደረቱ ይገታል። ተመልካቹ ኳሱ ያለበትን እንጂ ኳሱ የሚያልፍበትን መንገድ የከፈተውን አያይም።

ይህን ሁሉ ባለፈው ቅዳሜ ለጅሬኛ ስተነትንለት ምን እንዳለኝ ላጫውትዎ።

«እና ጋሼ፣ መንገድ ጠራጊውን ነው እንዴ የምናጨበጭብለት?»

«አንተ» አልሁት፣ «የበረዶ መጥረጊያው መኪና ያላለፈበትን መንገድ በጥር ወር ድራይቭ አድርገህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም። በመጎተቻ መኪና ቶው ያደረጉኝ ብሉሚንግተን ድረስ ነው።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ።»

ከጎኑ የነበሩት ወይዘሮ ወርቂቱ፣ በማኅበራችን ዘንድ ነገር በማስታረቅ የታወቁት፣ «ጅሬኛ ዛሬ ተረታ» ብለው ሳቁበት፤ እርሱ ግን «ሜዳው ላይ እንጂ ሻይ ቤት ማሸነፍ ምን ይሠራል» ብሎ አጉረመረመ።

የሙሊሳን ምክንያት ስለጠየቁኝ ልደብቅዎ አልችልም። ልጁ ሲጫወት ድምፅ ማጉያው ኳስ የያዘውን ሰው ስም ይጠራል። ሙሊሳ የሥራ ፈረቃውን እየቀየረ ሲመጣ የከረመው የልጁን ስም ለመስማት ነበር። ዘንድሮ መምጣት ትቷል።

አሠልጣኙ ምን ብሏል ስላሉኝም፣ እስከ ዛሬ ለማንም ምንም አላለም። ይህን ዝምታ ለማስከፈት አገር ያወረሰን መንገድ አለ። እኔ፣ ወይዘሮ ወርቂቱና አስተርጓሚ የሚሆነን ጅሬኛ፣ ሦስት ሆነን በሽማግልና ልንሄድበት ወስነናል።

ኤጀታ ዋቁማ


ጉለሌ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤጀታ፤

ረጋ ያለ ልብ ይስጥህ፤ ለሌላው ጊዜ የለኝም።

አትሂዱ። ሽማግሌ የሚላከው ወይ ለተጣሉ ነው፣ ወይ ልጅ ለመለመን ነው። ልጁና አሠልጣኙ አልተጣሉም። ለትዳር የሚጠየቅ ልጅም የለም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉሃል እንዲህ ያለው ነው። ምስጋና ደግሞ ተለምኖ ሲመጣ ምጽዋት ይባላል፤ ልጁ ጓደኞቹ ፊት በምን ዓይኑ ይቆማል?

ቪዲዮውን አየሁ። እንዳልኸኝ ኳሱን ትቼ እርሱን ብቻ ተከተልሁ። አንድ ነገር አምናለሁ፤ ያልኸው ሁሉ እውነት ነው። ሁለቱ ተከላካዮች ሲከተሉት አይቻለሁ፣ ሌላው በተከፈተለት ሲገባም አይቻለሁ። ነገር ግን ይህ የእኔን ክርክር አያፈርሰውም። ይጠቅማቸዋል ማለት ያከብሩታል ማለት አይደለም። ግንቡን የተሸከመው መሠረት ከመሬት በታች መሆኑ ለግንቡ ተስማሚ ነው፤ ሰው ግን መሠረት አይደለም፣ ቀና ብሎ መታየት ያምረዋል። ሌላው ቡድን ልየው ካለ፣ ይየው።

ይህ ሳይደርስህ እንዳትሄድ ሜቲ ዛሬውኑ እንድታነብልህ ነግሬያታለሁ።

እህተማርያም


ሲዋርድ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለወይዘሮ እህተማርያም፤

የጥቅምት አበባ በዚያ ሲፈካ በዚህ ቅጠሉ ይረግፋልና፣ የእናንተ ወገን ብርሃን ለእኛም ጥቂት ይትረፈን። በወንዙ ዳር ያሉት ዛፎች ቀይና ወርቃማ ሆነው ሰንብተው አሁን ራቁታቸውን ቀርተዋል፤ ማለዳ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል፤ የቤቱ ማሞቂያም መንኳኳት ጀምሯል። የጉልበትዎ ነገር እንዴት ሆነ? በዚህ ያለ አንድ ሐኪም ለጉልበት ዋና ይበጃል ይላል።

ልጁ ደኅና ነው። ባለፈው «ባለህበት ጽና» የሚል ቃል ይላኩለት ብዬ የለመንሁትን ለጊዜው ይተዉት። ይልቅስ ለሙሊሳ፣ ስለ ኳስ ምንም ሳያነሱ፣ የእናት ሰላምታ ቢጽፉለት መልካም ይመስለኛል።

ኤጀታ


ጉለሌ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኤጀታ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ለዛፎቹም።

ስለ ቅጠሉ የጻፍኸው ያምራል። በትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ተማሪ ቢሮዬ ገብቶ ስለ አየር ጠባይ ማውራት ሲጀምር፣ መስኮት እንደሰበረ አውቅ ነበር። ከላክሁት ደብዳቤ በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን ዝም ብለህ ስለ ዋና ጻፍህልኝ። ስለ ሽማግልናው አንድ ቃል የለም።

ያለፈውን ቅዳሜ ጨዋታ ሜቲ ልካልኛለች። አቤኔዘር ዘጠኝ ጊዜ ኳስ ቀለበ። ቡድኑ ተሸነፈ። በሁለቱ መካከል አንተ የምታውቀው፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ። ንገረኝ። አልቆጣም፤ ብቆጣም ከዚህ እስከዚያ ብዙ ውቅያኖስ አለ።

እህተማርያም


ሲዋርድ
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት፣ ከዓይናቸው አንዳች ለማያመልጥ ለወይዘሮ እህተማርያም፤

የውቅያኖሱ ስፋት እንደማያድነኝ እያወቅሁ፣ ይልቁንም ምሕረትዎ ከውቅያኖስ እንደሚሰፋ ተስፋ አድርጌ፣ የሆነውን አንድም ሳላስቀር እነግርዎታለሁ።

«አትሂዱ» የሚለው ቃልዎ የደረሰኝ ሄጄ ስመለስ፣ ገና ጋቢዬን ከካፖርቴ ላይ ሳላወርድ ነበር። ሦስታችንም ነጭ ለብሰን፣ እኔ ከዘራዬን ይዤ፣ ወይዘሮ ወርቂቱ በክብር ተከናንበው ከአሠልጣኙ ቢሮ ገባን። ሰውየው ረጅም፣ ትሑት፣ ጉልበቱን ያመመው ሰው ነው። ወንበር ሳበልን። እኛ ግን በወጋችን መሠረት እሺ ሳንባል እንደማንቀመጥ ገለጽን። እንግዶቹ ቆመው እርሱ ሊቀመጥ ስላልወደደ እርሱም ቆመ። ከዚያ እኔ፣ ነገሬን ከምርቃት ጀምሬ፣ ስለ አባቶች፣ ስለ ሎሌና ጌታ፣ ስለ ተሰወረ ዋጋ ረዘም አድርጌ ተናገርሁ። ስጨርስ ጅሬኛ «ሰላም ብለዋል» ብሎ አስተረጎመ።

«ይኸው ነው?» አለው አሠልጣኙ።

«ሌላው ያው ሰላምታ ነው» አለ ጅሬኛ።

በከዘራዬ ጫማውን ነካ ካደረግሁት በኋላ በደንብ ማስተርጎም ጀመረ። አሠልጣኙም አዳምጦ ሲያበቃ፣ ስለ ተጫዋቾቹ አሰላለፍ ከቤተሰብ ጋር ላለመነጋገር ደንብ እንዳለው በጨዋነት ነገረን፤ ነገር ግን አቤኔዘር ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደሚፈለግ ሰምቶ ሐሳብ እንደገባው አልደበቀም። «ምን ባደርግለት ትወዳላችሁ?» አለ።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቴ። ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም፤ አንድ የሚጨበጥ ነገር ሳይሰጠው ከቆመበት አይነቃነቅም። እኔ የመጣሁት ሰውየው የሚያውቀውን በአፉ እንዲመሰክር ነበር። ምስክርነት ግን እንደ ጥሎሽ ተቆጥሮ የሚረከቡት ነገር አይደለም። ቆመን ብዙ ቆየን፤ የአሠልጣኙ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ወይዘሮ ወርቂቱም «አንድ ነገር ይባልና እንቀመጥ እንጂ» አሉኝ። እኔ፣ ኳስ የዋጋ መለኪያ አይደለም ብዬ ከመስከረም እስከ ጥቅምት የተከራከርሁት ሽማግሌ፣ አፌን ከፍቼ «ኳስ ይድረሰው» አልሁ። እርሱም «እሺ» አለ። አራታችንም ባንድ ጊዜ ተቀመጥን።

የቀረውን አይተውታል። ዘጠኝ ጊዜ ወረወሩለት፣ ዘጠኝ ጊዜም ቀለበ። ድምፅ ማጉያው፣ በዚህ አገር ተጫዋች በአባቱ ስም ይጠራልና፣ «ሙሊሳ» እያለ ሜዳው ላይ ሲደጋግም፣ ከቤቱ ደውለን ያስመጣነው ሙሊሳ በመዳፉ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ጅሬኛ ወንበሩ ላይ ወጥቶ «አሁን ገና ተጫዋች ሆነ» ይላል። በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ያዘንሁ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ባለ አንድ ቁጥሩ በሁለት ተከላካዮች ተከብቦ መግቢያ አጥቷል፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠውም ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይወድቃል፤ የሚከፍትላቸው የለምና። ከጨዋታው በኋላ በመኪና ማቆሚያው አቤኔዘር ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ላመሰግነው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አባባ፣ ዛሬ የኔን ሥራ ማን ሠራው?»

ቦርሳውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«ኮች ሁሉን ነግሮኛል» አለ ቀጥሎ። «ስለ ፍቅርህ ታንክ ዩ። ግን ኔክስት ታይም እኔን ጠይቀኝ።»

ሰኞ ዕለት ብቻውን ከአሠልጣኙ ዘንድ ሄዶ ወደ ቀደመው ሥራው እንዲመልሰው ጠይቋል። አሠልጣኙም ያን ጊዜ፣ እኛ ቆመን ያላገኘነውን ቃል፣ ለአዲስ ገቢዎች አሯሯጡን የሚያስተምረው በአቤኔዘር ቪዲዮ እንደሆነ፣ ሳይጠየቅ ነገረው። ነገር ግን ችግሩ አሁን ሌላ ነው። ሙሊሳ የልጁን ስም ሰምቷል። «እዚያ ቢሄድ በየሳምንቱ እንዲህ ነው» ይላል፤ ልጁም መቆየት እየፈለገ ያን የአባቱን ደስታ የሚነጥቅበት አንደበት አጥቷል። አባትና ልጅ በአንድ ቤት ሆነው ስለ ሌላ ሁሉ ያወራሉ። የመጨረሻው ጨዋታ ኅዳር 6 ነው፤ የዚያኛው ዩኒቨርሲቲ ሰው መልስ ሊቀበል የሚደውለው በዚያው ቀን ነው። እኔ ከእንግዲህ በዚህ ነገር እጄን ላስገባ አልደፍርም።

ኤጀታ ዋቁማ


ጉለሌ
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤጀታ፤

ብርታት ለክንድህ፣ ልጓም ለምላስህ ይሁን። አልተቆጣሁም። «ሰላም ብለዋል» የሚለው ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ስቄያለሁ።

የተሸነፉበትን ጨዋታ እንደገና አየሁት። ለልጄ የተመኘሁለትን ሁሉ ሲቀበል አየሁ። ከዚያ ዓይኔን ከእርሱ አንስቼ ወትሮ የሚሮጥበትን ስፍራ ተመለከትሁ። ባዶ ነበር። ተከላካዮቹ ሁሉ መሐል ሜዳ ታጭቀው፣ ያ ሩቅ ዳር ሣር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እንግዲህ ረትተኸኛል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም ያልሁት እኔ ተሳስቻለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅልህም፤ መከበሩ ይገባዋል ያልሁት ልክ ነበር። አንተ ከአሠልጣኙ ፈለግኸው፣ እኔ ከሌላ ቡድን ጠበቅሁለት። የሚገባው ከቤቱ ነበር።

በሙሊሳ አትፍረድበት። ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ቆሞ፣ ከሆቴሉ የተሰጠውን የእንግዶች ስም ሰሌዳ ደረቱ ላይ ይዞ፣ የማያውቃቸውን ሰዎች የሚጠራ ሰው፣ አንድ ቀን የልጁ ስም ሲጠራ መስማት ቢወድ ከንቱነት አይደለም። ልጄ ነው፤ ከልጅነቱም የሚቀናው ነገር ቢነግሩት ሳይሆን ቢያሳዩት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጽፌለታለሁ፤ «ኅዳር 6 ፈረቃህን ቀይረህ ሜዳው ትሄዳለህ። ከአጎትህ ከኤጀታ አጠገብ ትቀመጣለህ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኳሱን አታይም፤ ልጅህን ብቻ ታያለህ። ስሙን ለመስማት አትጠብቅ፤ ካልተጠራም አትዘን። ሲያበቃ የመሰለህን ወስን፤ የምትወስነውን እኔ አጸናለሁ።»

ለአቤኔዘር ምንም አልጻፍሁም። እርሱ የሚያውቀውን ያውቃል።

ለአንተ ደግሞ አንድ ትእዛዝ አለኝ። አጠገቡ ስትቀመጥ ምንም እንዳታስረዳው።

እህተማርያም


ሲዋርድ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት፣ ፍርዳቸው ለጸና ለወይዘሮ እህተማርያም፤

በመጀመሪያው በረዶ መስኮቴ በነጣበት በዚህ ማለዳ፣ ጣቶቼ ሳይሞቁ ዜናው ቀድሞ ይድረስዎ ብዬ፣ ከሰላምታዬ ብዙውን ቀንሼ እጽፋለሁ፤ የቀነስሁትን በልብዎ ሞልተው ያንብቡልኝ።

ሙሊሳ መጣ። የሆቴሉን ጃኬት እንደለበሰ፣ የስም መለያው ደረቱ ላይ እንደተሰካ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ደብዳቤዎን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝና መልሶ ከተተው። በመጀመሪያ ራሱ በልማዱ ኳሱን ተከትሎ ይዞር ነበር፤ ትእዛዝዎን አክብሬ ምንም አላልሁም፤ በክርኔ ብቻ፣ እንደ ብርድ መንቀጥቀጥ አድርጌ፣ አንዴ ነካ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከልጁ አልተነቀለም።

ብዙ ሳይቆይ «እነዚህ ሁለቱ ምን ሆነው ነው ዝም ብለው የሚከተሉት?» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ «ለካ ፈርተውት ነው» አለ ለራሱ። ጅሬኛ ከኋላችን ጎንበስ ብሎ «ሙሊሳ፣ ኳሱ እኮ በዚያ በኩል ነው» ሲለው፣ ዞር እንኳ ሳይል «አንተ ኳስህን እይ፣ እኔ ልጄን ልይ» አለው። ጅሬኛም ነገሩ ገብቶት ይሁን ተሳስቶበት እንጃ፣ ከዚያ በኋላ ኳሱን ማየት ተወና ሦስታችንም ተመልካቹ ሁሉ ከሚያይበት በተቃራኒ ስናይ ዋልን።

አቤኔዘር ያን ቀን አንድም ኳስ አልደረሰውም። በመጨረሻው አጨዋወት፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ጓደኛቸው በዳር ሲመጣ፣ ከልጁ በአካል እጅግ የሚበልጥ አንድ ተከላካይ ሊጥለው ተወረወረ። አቤኔዘር ከመካከል ገባ፣ በደረቱ ተቀበለው፣ አብረው ወደቁ። ሯጩ በክፍቱ አልፎ ነጥብ የሚቆጠርበትን መስመር ተሻገረ። ሜዳው ተናወጠ፤ ድምፅ ማጉያው የሯጩን ስም ጠራ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ወደዚያ ያጨበጭባል። ሙሊሳ አልቆመም። ልጁ ከመሬት ተነስቶ፣ የጣለውን ሰው እጁን ይዞ ሲያነሳው፣ ከዚያም ማንም ሳያየው ብቻውን ወደ ጓደኞቹ ሲራመድ እስከ መጨረሻው ተከተለው። «አባቴ እንዲህ ነበር የሚራመደው» አለኝ። ወንድሜን ቀጀላን ማለቱ ነው። እኔም በአካሄዱ አየሁት፤ እርስዎም በቪዲዮው ያዩታል።

ከመኪና ማቆሚያው ሳንወጣ የሙሊሳ ስልክ ጠራ። የዚያኛው ዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር። አቤኔዘር ፀጉሩ ገና ሳይደርቅ ከአባቱ ፊት ቆሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሙሊሳ ሰውየውን በትዕግሥት አዳመጠው፤ ስለ ኳሱ ብዛት፣ ስለ ስታዲየሙ ትልቅነት፣ ስለ ቴሌቪዥኑ የተነገረውን ሁሉ «የስ ሰር» እያለ ከጨረሰ በኋላ፣ የልጁን ትከሻ በግራ እጁ ጨብጦ ለሰውየው እንዲህ አለው።

«ስለ ጥሪዎ አመሰግናለሁ ጌታዬ። ልጄ ግን እዚህ ሥራ አለው።»

ኤጀታ ዋቁማ